ቡናው ተፈቅዶ ጫቱ ለምን ተከለከለ?

የሱዳኑ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት ካርቱምን የረገጠ ሰው የጎዳና ቡናዋን ሳይቀምስ አይመለስም ነበር። በናይል ዳር መንገድ፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ የተቀመጠች ሴት ቡናውን እዚያው ትቆላለች፣ ከዝንጅብል ጋር ትወቅጠዋለች፣ በጀበና አፍልታ በትናንሽ ስኒ ትቀዳለች። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ነበሩ። ደይም በሚባለው ሰፈር ደግሞ አማርኛና ትግርኛ ከአረብኛው እኩል ይሰማ ነበር።

አሁን የሚያስገርመውን ልንገራችሁ። በዚያች ስኒ ውስጥ ያለው ካፌይን እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ በኦሎምፒክ ስፖርት የተከለከለ አበረታች ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአንድ ሚሊሊትር ሽንት ውስጥ ከ12 ማይክሮግራም በላይ ካፌይን የተገኘበት አትሌት ሜዳሊያውን ሊነጠቅ ይችል ነበር። ከጥር 2004 ጀምሮ ግን ክልከላው ተነሣ። ዛሬ አንድ ማራቶን ሯጭ አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ጠጥቶ መነሻው መስመር ላይ ቢቆም የሚጠይቀው የለም። ያው ሯጭ ጫት ቅሞ ቢሮጥና ቢመረመር ግን ሊታገድ ይችላል።

ሁለቱም ከእኛው ደጋ የበቀሉ ናቸው፤ ሁለቱም እንቅልፍ ያባርራሉ። ታዲያ መስመሩ በመካከላቸው ያለፈው በምን ምክንያት ነው? ይህን አንድ ጥያቄ ይዘን ከተጓዝን የአበረታች ቅመሞችን ነገር ከሥሩ እንረዳዋለን።

ሦስቱ መመዘኛዎች

የተከለከሉ ነገሮችን ዝርዝር በየዓመቱ የሚያወጣው የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ነው፤ ባጭሩ ዋዳ ይባላል። የተቋቋመው በ1999 ሲሆን ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው በ2004 ነው። አንድ ነገር ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት ከሦስት መመዘኛዎች ሁለቱን ማሟላት ይበቃዋል። አንደኛው ብቃትን የሚጨምር ወይም ሊጨምር የሚችል መሆኑ ነው። ሁለተኛው ጤናን የሚጎዳ ወይም ሊጎዳ የሚችል መሆኑ፣ ሦስተኛው ደግሞ የስፖርትን መንፈስ የሚጻረር መሆኑ ነው። ከእነዚህ ሌላ፣ የተከለከለውን ነገር ከምርመራ የሚደብቅ መድኃኒትም ይከለከላል።

ቡናን በዚህ ሚዛን እናስቀምጠው። ብቃት ይጨምራል? ያለ ጥርጥር። በኪሎ ክብደቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም የሚደርስ ካፌይን ከውድድሩ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የወሰደ ሯጭ ጥቂት በመቶ መሻሻል ሊያገኝ ይችላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከ180 እስከ 360 ሚሊግራም ማለት ነው። ጥቂት በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ ትንሽ ግን አይደለም። በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ በ800 ሜትር ፍጻሜ ሱዳናዊው እስማኤል አሕመድ እስማኤል በ1:44.70 ሁለተኛ ወጥቶ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አመጣ። ወርቁን የወሰደው ኬንያዊው ዊልፍሬድ ቡንጌ የገባው በ1:44.65 ነበር። ልዩነቱ 5 መቶኛ ሰከንድ ነው። በዚያ ርቀት ላይ 1 በመቶ ማለት ከአንድ ሰከንድ በላይ ስለሆነ፣ ካርቱም በደስታ ያበደችበትን ሜዳሊያ ቀለም ሊለውጥ ይችል ነበር።

እንግዲህ ቡና የመጀመሪያውን መመዘኛ በግልጽ ያሟላል። ሁለተኛው ላይ ግን ይወድቃል፤ በልክ የተጠጣ ቡና ጤነኛ ሰውን አይጎዳም። ሦስተኛውም አይነካውም፤ ዓለም በሙሉ በጠራራ ፀሐይ የሚጠጣውን ነገር የስፖርትን መንፈስ ይጻረራል ማለት ያስቸግራል። ሌላም ችግር ነበር። ካፌይንን አንዱ ሰው ቶሎ ከሰውነቱ ያስወጣዋል፣ ሌላው ይዘገያል። ስለዚህ ጠዋት ቡናውን የጠጣውን ሆን ብሎ ኪኒን ከዋጠው በሽንት ብቻ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። ዋዳ ካፌይንን ከክልከላው አውጥቶ በክትትል መዝገቡ ላይ አስቀመጠው። እስከ ዛሬም እዚያው አለ፤ አጠቃቀሙ ይታያል እንጂ ማንም አይቀጣበትም።

ጫት ግን ሌላ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን እና ካቲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። የካቲኖን አሠራር ለአምፌታሚን የቀረበ ነው። ልብን ያስሮጣል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ድካምን ይደብቃል፣ ሱስም ሊያስይዝ ይችላል። በሙቀት ውስጥ የሚሮጥ ሰው ድካሙ ከተደበቀበት ሰውነቱ “በቃ” ሲለው አይሰማም፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ንጥረ ነገሮች በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው። ለካቲን የተቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሚሊሊትር ሽንት 5 ማይክሮግራም ነው። የውድድር ጊዜ የሚባለው በዋዜማው ሌሊት 6 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ይጀምራል። ይሁንና ሰውነት ሰዓት አያይም። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር የቃመ ወጣት በማግስቱ ሽንቱ ውስጥ ለሚገኘው ሁሉ ተጠያቂ ነው።

ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያ ትምህርት “ተፈጥሯዊ ከሆነ ይፈቀዳል፣ ሰው ሠራሽ ከሆነ ይከለከላል” የሚለው አባባል እንደማያስኬድ ነው። ቅጠሉ ተፈጥሯዊ ነው፤ ተከልክሏል። በፋብሪካ የተሠራ የካፌይን ኪኒን ሰው ሠራሽ ነው፤ ተፈቅዷል።

ደጋው፣ ቆላውና መርፌው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ካርቱም 380 ሜትር ገደማ ብቻ። በአዲስ አበባ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ኩላሊት ይህን እጥረት ትሰማለች። ስትሰማም ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ታመነጫለች፤ በአጭሩ ኢፒኦ እንለዋለን። ኢፒኦ በደም ተጉዞ መቅኒ ሲደርስ መቅኒው ቀይ የደም ሴሎችን በብዛት መሥራት ይጀምራል። ሳምንታት ሲያልፉ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይጨምራል። በ1968 የሜክሲኮ ኦሎምፒክ፣ በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ሲያሸንፍ ታላቁ አውስትራሊያዊ ሮን ክላርክ ከ10 ሺህ ሜትር ውድድር በኋላ ራሱን ስቶ ወድቋል። ደጋ የተወለደና ቆላ የተወለደ በዚያ አየር እኩል አልነበሩም።

ካርቱም ግን የራሷ ፀጋ አላት፤ እሱም ሙቀቱ ነው። በግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሰው በእንዲህ ያለ ሙቀት ለተከታታይ ቀናት ሲለማመድ የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ማለትም ፕላዝማው፣ ይጨምራል። ልብ በእያንዳንዱ ምት የምትገፋው ደም ይበዛል፤ ላብ ቶሎ ይመጣል፤ ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ይችልበታል። ዛሬ በቀዝቃዛ አገር ያሉ ሯጮች ይህን ጥቅም ፍለጋ በሞቀ ክፍል ውስጥ ይሮጣሉ። በ18 ዓመቱ፣ በ2008 በቫሌንሲያ፣ የ800 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አቡበከር ካኪ የተወለደው በምዕራብ ኮርዶፋኗ ሙግላድ ነው። በዚያው ዓመት በኦስሎ 1:42.69 ሮጦ የወጣቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። የሱዳን ቆላም የዓለም ምርጥ ሯጭ ማብቀል እንደሚችል ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ደጋው የሚሰጠውን ቀይ የደም ሴል በኢፒኦ መርፌ ማግኘት ይቻላል፤ ቆላው የሚሰጠውን ፕላዝማ ደግሞ አልቡሚን ወይም ዴክስትራን የመሳሰሉትን በደም ሥር በመውሰድ ማግኘት ይቻላል። ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው። ሁለቱ መርፌዎች ግን ተከልክለዋል፤ ሁለቱ የአየር ጠባዮች ተፈቅደዋል።

ልዩነታቸው ምንድን ነው? ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ሰውነቱ ራሱ ይሠራል፣ ራሱም ያቆማል። ደሙ ሲበቃው ኩላሊት ኢፒኦ ማመንጨቷን ትቀንሳለች። በሙቀት የሚለማመደውም እንዲሁ ነው። መርፌው ግን ይህን ልጓም ይበጥሳል። መጠኑን የሚወስነው ሰውነት መሆኑ ቀርቶ የሚወጋው ሰው ይሆናል። ቀይ የደም ሴል ከልክ ሲያልፍ ደም ይወፍራል፤ በድርቀትና በላብ ደግሞ ይብሱን ይወፍራል። የረጋ ደም ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ኢፒኦ የተሠራው ደማቸው ላነሰ የኩላሊት ሕሙማን ነው። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ጦርነቱ የሱዳንን ሆስፒታሎች ሲያወድም የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች የደረሰባቸውን መከራ ለሚያስብ፣ የኢፒኦ ብልቃጥ የማን መድኃኒት እንደሆነች ግልጽ ነው።

በደጋውና በመርፌው መካከል ደግሞ ብዙ ደረጃዎች አሉ፤ ሕግ አውጪዎቹም ያላባቸው እነዚህ ላይ ነው። ኦክስጅኑ የቀነሰ አየር የሚነፋበት ድንኳን አለ፤ ሯጩ ቆላ ሆኖ እንደ ደገኛ ይተኛበታል። ዋዳ በ2006 ይህን ድንኳን ሊከለክል አስቦ ብዙ ከተከራከረ በኋላ ተወው። በ2014 ግን የዜኖን ጋዝን ከለከለ፤ ጋዙ ሰውነትን አታሎ ኢፒኦ እንዲያመነጭ ያደርጋል ተብሎ ይወሰድ ነበርና። ከጥር 2026 ጀምሮ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከሕክምና ምርመራ ውጭ መጠቀም ተከልክሏል። አዎ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከከሰል የሚወጣው ያው ገዳይ ጋዝ ነው። ጥቂት ጥቂቱን መማግ ደምን ይጨምራል የሚሉ ነበሩ። እነዚህን ደረጃዎች ተከትላችሁ ስትወርዱ ፈሊጡ ይገለጥላችኋል። ሰውነት ለኑሮውና ለልምምዱ የሚሰጠው መልስ ሲሆን ይፈቀዳል፤ መልሱ በጋዝ ወይም በመርፌ ከውጭ የተጫነ፣ አደጋውም እየጨመረ የሚሄድ ሲሆን ይከለከላል።

“ታዲያ በተፈጥሮ ደሙ የበዛ ሰውስ?” ትሉ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ነበረ። ፊንላንዳዊው የበረዶ ሸርታቴ ተወዳዳሪ ኤሮ ማንቲራንታ 7 የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎችን ወስዷል። ከዓመታት በኋላ በቤተሰቡ ውስጥ የሚወረስ የዘረ-መል ለውጥ እንዳለና መቅኒው ለኢፒኦ ከሌላው ሰው አብልጦ እንደሚታዘዝ ታወቀ። ለዚህ የተፈጥሮ ደሙ ማንም አልቀጣውም፤ ሊቀጣም አይገባም። ሕጉ የተፈጥሮን ዕድል እኩል ላድርግ ብሎ አልተነሣም። ቢነሣማ ኖሮ በሯጮች መፍለቂያዋ በቆጂ መወለድም ወንጀል በሆነ ነበር።

ጫማውም መስመር አለው

መስመሩ ሰውነት ላይ ብቻ የተሰመረ አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሮጦ አሸነፈ፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2:12:11 ገባ። በመስከረም 2023 ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን 2:11:53 ስትገባ እግሯ ላይ የነበረው ጫማ ክብደቱ 138 ግራም፣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር። የቀድሞውን የሴቶች ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። ያ ጫማ ሕጋዊ ነበር።

በመስከረም 2021 በቪየና ማራቶን የሆነው ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ በ2:09:22 አንደኛ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ጫማው ተለካ። ለጎዳና ሩጫ የተፈቀደው የሶል ውፍረት ቢበዛ 4 ሴንቲሜትር ነው፤ የእሱ 5 ነበር። ከውድድሩ በፊት የተፈቀደ ጫማ አስመዝግቦ የሮጠው ግን በሌላ ነበር። ድሉ ተሠርዞ ለኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። በአንዲት ሴንቲሜትር ምክንያት!

ይህ ታሪክ የሚያስተምረን ነገር አለ። አራት ሴንቲሜትር ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። የስፖርቱ የበላይ አካል የሆነው የዓለም አትሌቲክስ በ2020 መጀመሪያ ላይ የወሰነው ነው፤ ሦስት ተኩል ወይም አራት ተኩል ሊሆን ይችል ነበር። ይህ ግን ከንቱ አያደርገውም። ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ድንበር ሲካለል ድንጋዩ አንድ ክንድ ወዲያ ወይም ወዲህ ሊተከል ይችል ነበር፤ ከተተከለ በኋላ ግን ሁለቱም የሚያርሱት በዚያ ተማምነው ነው። ጫማው የደራራን ጤና አልጎዳም፤ እሱም አበረታች ወሰደ ተብሎ አልተከሰሰም። የተነካው ሌሎቹ ሯጮች የተማመኑበት ልክ ነው።

አንድ ሌሊት የሚለውጠው ነገር

አንዳንዴ መስመሩ የሚያልፈው በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። ሜልዶኒየም በላትቪያ የተፈለሰፈ የልብ መድኃኒት ነው። ዋዳ በ2015 ሲከታተለው ቆይቶ ብዙ ጤነኛ አትሌቶች እንደሚወስዱት አየና ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ከለከለው። ታኅሣሥ 31 የተፈቀደው በማግስቱ ወንጀል ሆነ። በ2013 በሞስኮ የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷና ለስዊድን ትሮጥ የነበረችው አበባ አረጋዊ በየካቲት 2016 በዚህ መድኃኒት ምክንያት ታገደች። በሐምሌ ግን እገዳው ተነሣላት። መድኃኒቱ ከሰውነት ጨርሶ ለመውጣት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ በቅጡ አልተጠናም ነበር፤ በጥር የተገኘው ትንሽ መጠን ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የተወሰደ ሊሆን ይችላል ተባለ።

ይህን የሰማ ሰው “እንግዲያው ሕጉ ሁሉ ዘፈቀደ ነው” ሊል ይችላል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። ሕጉ ክልከላውን አስቀድሞ አሳወቀ፤ ሳይንሱ ባልደረሰበት ቦታ ደግሞ ጥርጣሬውን ለአትሌቷ አደረገ። በሚገባ የተሰመረ መስመር እንዲህ ነው፤ ሁሉም አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ሲያጠራጥርም ሰውን አይጨፈልቅም።

ከሁሉም በላይ ሯጮችን የሚያሰናክለው የዘወትር መድኃኒት ነው። ለደም ግፊት በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ማንንም አያስሮጥም፤ ሽንትን ስለሚያበዛ ግን ሌላ ነገር ሊሸፍን ይችላል ተብሎ የተከለከለ ነው። የሴቶች ማራቶን ክብረ ወሰን ባለቤት የሆነችው ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በ2025 ለሦስት ዓመት የታገደችው በዚሁ መድኃኒት ነው። ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ትራማዶል ከ2024 ጀምሮ በውድድር ጊዜ ተከልክሏል። ድካም ሲበዛ ክሊኒክ ጎራ ብሎ አንድ ግሉኮስ ማስተከል ደግሞ ከአዲስ አበባ እስከ ካርቱም የተለመደ ነው። ለአትሌት ግን በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ፣ የሆስፒታል ሕክምና ወይም ፈቃድ ያለበት ካልሆነ፣ በግሉኮስም ቢሆን ክልክል ነው። አንዱ የተለመደ የግሉኮስ ከረጢት 500 ወይም 1,000 ሚሊሊትር ይይዛል። በእውነት የታመመ አትሌት መድኃኒቱን መተው የለበትም፤ ማስረጃውን አቅርቦ የሕክምና ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። መስመሩ ለበሽተኛ በር አለው፤ በሩ የሚከፈተው ግን በግልጽ ለሚጠይቅ ነው።

የስፖርት መንፈስና የ1957ቷ ካርቱም

ከሦስቱ መመዘኛዎች ብዙ ሰው የሚነቅፈው ሦስተኛውን ነው። “የስፖርት መንፈስ ማለት ምን ማለት ነው? በምን ይለካል?” ይላሉ። በማይክሮግራም አይለካም። እንዲህ ያለ መስመር እንዴት እንደሚሰመር ግን ካርቱም ራሷ ታሪክ አላት።

በየካቲት 1957 የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ካርቱም ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ከእኛ ወገን ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩበት። ወዲያው እዚያው ካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊጀመር ነው። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች፤ ወይ የነጭ ብቻ፣ ወይ የጥቁር ብቻ። ሌሎቹ አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ከእርሷ ጋር ልታደርግ የነበረው ጨዋታ ቀርቶ ፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያገባው ግብፃዊው አድ-ዲባ ነው።

እዚያ የተሰበሰቡት ሰዎች በእጃቸው ላብራቶሪ አልነበረም። አንድ ጥያቄ ግን ነበራቸው፤ “ይህ ከተፈቀደ የምንጫወተው ጨዋታ ምን ዓይነት ጨዋታ ይሆናል?” የስፖርት መንፈስ የሚባለው ይህ ጥያቄ ነው። የጨዋታውን ሕግ የምንጽፈው እኛ ነን፤ ስለዚህ ጨዋታው የቆመለትን ነገር የሚያፈርሰውን የመለየት ሥልጣኑም ግዴታውም የእኛው ነው።

መስመሩ ማንን ይጠብቃል?

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። “ሁሉንም ፍቀዱት፤ በሐኪም ቁጥጥር ሥር ይውሰዱ፤ ያኔ ሁሉም እኩል ይሆናል” የሚሉ ብልህ ሰዎች አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ ደጋና ቆላ እኩል ካልሆኑ፣ የ500 ዶላር ጫማ ከተፈቀደ፣ መርፌውን ብቻ ለምን እንነጥላለን?

መልሱ የሚገኘው መውሰድ የማይፈልገውን ሯጭ ስናስብ ነው። አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ከአርሲ ወይም ከጎጃም አዲስ አበባ መጥታ ከአራት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች እንበል። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ እንጦጦ ትሮጣለች። ቤተሰቧ የሚጠብቀው የእሷን ውጤት ነው። ኢፒኦ ቢፈቀድ “እኔ አልፈልግም” ማለት ትችላለች? በስም ትችላለች፤ በተግባር ግን ከሚወስዱት ኋላ ትቀራለች፣ ማናጀር አያያትም፣ ውድድር አታገኝም። የአንዱ ነጻነት የሌላዋ ግዴታ ይሆናል። ሐኪሙስ ከየት ይመጣል? ሀብታም ቡድን ሐኪም ይቀጥራል፤ እሷ ከማታውቀው ሰው በማታውቀው ብልቃጥ ትወጋለች። ጫማው ከገንዘቧ ይወስድባታል፤ መርፌው ከደሟ። ሁለቱን የሚለያቸው ይህ ነው።

ስለዚህ የመስመሩን ቦታ ለማወቅ “ይህ ነገር ቢፈቀድ ማወዳደሪያው ሰዎች ሰውነታቸውን አደጋ ላይ ለመጣል ያላቸው ድፍረት ይሆናል ወይ?” ብለን እንጠይቅ። ለቡና መልሱ አይሆንም ነው፤ ለደጋና ለሙቀትም እንዲሁ። ለኢፒኦ፣ ለካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ለካቲኖን ይሆናል ነው። ዝርዝሩ በየዓመቱ የሚታደሰውም ለዚህ ነው፤ የሰው ብልሃት በየዓመቱ አዲስ አደጋ ይፈጥራልና።

ኢትዮጵያ ይህን በመራራ መንገድ ተምራለች። በ2016 የዓለም አትሌቲክስ አስተዳዳሪ አካል የፀረ-አበረታች ሥራቸው አስጊ ደረጃ ላይ ነው ካላቸው አምስት አገሮች አንዷ ሆነች። ከዚያ በኋላ አገሪቱ የራሷን ተቋም አጠናከረች፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ይባላል። በ2017 ደግሞ አበረታች ቅመም የተገኘበት አንድ ወጣት ሯጭ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። የተከለከለውን መድኃኒት የሚያስገባው፣ የሚሸጠውና የሚወጋው ሰው እያለ ክብደቱ በሯጩ ትከሻ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። መስመሩን የሚያስከብር ሰንሰለቱን በሙሉ ይያዝ።

ምርመራው ራሱ ምን እንደሚመስል ማወቅም ይጠቅማል፤ ብዙ ወጣቶችን የሚያስፈራው አለማወቅ ነው። አትሌቱ ከቀረቡለት የታሸጉ ዕቃዎች አንዱን ራሱ ይመርጣል። በጾታ የሚመሳሰለው መርማሪ እያየው ቢያንስ 90 ሚሊሊትር ሽንት ይሰጣል። ከዚያም በገዛ እጁ “ኤ” እና “ቢ” በተባሉ ሁለት ጠርሙሶች ከፍሎ ይቀዳል፣ ራሱ ያሽጋል፣ በጠርሙሶቹና በቅጹ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን ያመሳክራል። የወሰደውን መድኃኒት ቅጹ ላይ ይጽፋል። “ኤ” ችግር ካሳየ “ቢ” ሲከፈት መገኘት መብቱ ነው። ናሙናው እስከ 10 ዓመት ሊቀመጥና በአዲስ ዘዴ እንደገና ሊመረመር ይችላል። የደም ምርመራ ሲሆን ደግሞ አትሌቱ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከፍታ ቦታ ላይ ቆይቶ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ከእንጦጦ የወረደ ደም በቆላ ላብራቶሪ በስሕተት እንዳይጠረጠር።

ስለዚህ ከጓደኞቻችሁ ጋር ይህ ጉዳይ ሲነሣ፣ ወይም አንድ ወጣት ሯጭ “ይህን ልውሰድ?” ብሎ ሲያማክራችሁ፣ ሦስት ጥያቄዎችን ስጡት። ሰውነቴ ለልምምዴ የሚሰጠው መልስ ነው ወይስ መልሱን ከውጭ ልጭንበት ነው? መውሰዴን ለአሠልጣኜ፣ ለተፎካካሪዬና ለመርማሪው በግልጽ መናገር እችላለሁ? ሁሉም ሯጭ ይህን እንዲያደርግ ቢገደድ ታናሽ እህቴ ወደዚህ ስፖርት እንድትገባ እፈልጋለሁ? ከሦስቱ በአንዱ እንኳ ካመነታ፣ ከመዋጡ በፊት የዓመቱን ዝርዝር ይመልከት፣ ሐኪሙንና ባለሥልጣኑን ይጠይቅ።

ሰዎች ያሰመሩት መስመር ፍጹም አይደለም፤ ይሻሻላል፣ ይገፋል፣ አንዳንዴም ይሳሳታል። እኔ ግን በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ለመሮጥ ብቻ የመጣ ልጅ በሩጫው ብቻ እንዲመዘን የሚያደርገው እሱ ነውና።